«ስሜን አስገቢልኝ» የማይሠራበት አገር

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ስኮላርሺፕ ያገኙ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ አንዳንዱም ከወልድያ ይደውላል። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። ጃኬት እዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ? በርበሬና ሽሮ ስንት ኪሎ ልያዝ? እናቴ ቅቤ አንጥራልኛለች፣ ያሳልፉኛል? (ወደ እንግሊዝ ለምትሄዱ፦ ቅቤውን ለቤተሰብ ተዉት። ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም።) ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቁኛል። ስለ ቡድን ሥራ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። እኔን ደግሞ እዚያ እንቅልፍ የነሳኝ የቡድን ሥራው እንጂ ብርዱ አይደለም።

ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልጻፈው። ማስተርሴን የሠራሁት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ በሕዝብ ጤና። ከዚያ በፊት ወሎ ውስጥ ባሉ ወረዳዎች በጤና ሥራ ስመላለስ ነበር። አሁን ደሴ አስተምራለሁ።

እኛ ጋ የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እንተዋወቃለን። መምህሩ አምስት አምስት አድርጎ ይከፍላል፣ ወይም «አንድ ለአምስቱ» እንዳለ ይቀጥላል። ከመካከል አንዲት ጎበዝ አትጠፋም። እሷ ትጽፋለች። አንዱ ለፕሪንት ያዋጣል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሮጣል። በማስረከቢያው ዋዜማ ማታ «እባክሽ ስሜን አስገቢልኝ፣ አይዲዬ ይኸው» የሚል ቴክስት ይመጣል። እሷም ታስገባለች። የሁሉም ማርክ እኩል ይሆናል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ስድስት ሰው በአንድ ላፕቶፕ ሲሠራ፣ መብራቱ ሲሄድ፣ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ፣ ሥራው በአንድ ሰው እጅ መግባቱ የግድ ነው። ብቻ ይህ ልማድ ሻንጣችን ውስጥ ሆኖ አብሮን ይሄዳል።

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። በአንዳንዱ ኮርስ ከማርኩ ግማሽ ያህሉ በቡድን ሥራ ሊወሰን ይችላል። ማለፊያው 50 ነው፤ 70 እና ከዚያ በላይ ዲስቲንክሽን ይባላል። እኛ 85 እና 90 ስለለመድን 64 ስናይ ልባችን ይወድቃል። አብሽሩ፣ 64 ጥሩ ማርክ ነው። ከማን ጋር ሆናችሁ እንደምታመጡት ግን አትመርጡም። ቡድኑን ብዙ ጊዜ የሚያዋቅረው መምህሩ ነው፣ ሆን ብሎም ከየአገሩ ይቀላቅላል። ደግሞ ፈረንጅ ብቻ አትጠብቁ። አንዳንድ ክፍል ውስጥ የአገሩ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ቡድን አንዲት እንግሊዛዊት፣ አንዲት ቻይናዊት፣ አንድ ናይጄሪያዊ፣ አንድ ሕንዳዊና እኔ ነበርን። የተሰጠን ሥራ በአንድ ደሃ አገር የገጠር ወረዳ የሕፃናትን ክትባት ከፍ የሚያደርግ ዕቅድ ማውጣት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀመጥን። ሦስቱ እየተቀባበሉ ያወራሉ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ ማንም አይቀየምም። ቻይናዊቷ አቀርቅራ ማስታወሻ ትጽፋለች። እኔ ቦታ እስኪሰጡኝ እጠብቃለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲባል ነው የሚወራው። እዚያ ግን «አንቺስ» የሚል የለም። ሐሳብ ያለው ይናገራል፣ ዝም ያለው ሐሳብ የለውም ተብሎ ይታለፋል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው ተከፋፈለ። ትንተናው ለእንግሊዛዊቷ፣ በጀቱ ለሕንዳዊው፣ ዕቅዱ ለናይጄሪያዊው። ቻይናዊቷ ስላይድ ታሳምር፣ እኔ ሪፈረንስ ላስተካክልና ፊደል ልልቀም። ማንም ክፋት አልነበረበትም። እንግሊዝኛው እንዳይከብደን አዝነውልን ነው። እንዲህ ያለው ሐዘኔታ ግን ማርክ ይበላል። ሪፈረንስ ስታስተካክሉ ከርማችሁ ስለ ክትባት የምትማሩት ነገር የለም፣ ሰውም የሠራችሁትን አያስታውሰውም።

ከመነሳታችን በፊት እንዲህ አልኳቸው። እንዲህ ባለ ወረዳ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ መስክ ላይ እንዴት ይሠራል የሚለውን ክፍል እኔ ልጻፍ፣ ሪፈረንሱን እያንዳንዱ የየራሱን ያስተካክል። ትንሽ ዝም አሉ። ናይጄሪያዊው «እስቲ ቀጥይ» አለኝ።

የእነሱ ሐሳብ ለእናቶች በስልክ አጭር መልእክት መላክ ነበር። እኔ ባቲን ነገርኳቸው። ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ከቆላው አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይመጣል፣ ከደጋው አማራው፣ ከዙሪያው ኦሮሞው። ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አባወራው ኪስ ውስጥ ነው። መልእክቱን ማንበብ የማትችል እናትም ብዙ ናት። ሰኞ ግን እናትየዋ ራሷ ልጇን አዝላ ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ ክትባቱን ወደ ገበያው ውሰዱት አልኩ። ሰሌዳው ላይ ሳልኩላቸው፦ የከብት ተራው በዚህ፣ የእህል ተራው በዚህ፣ ሰው የሚገባበት መንገድ በዚህ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስለተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነገርኳቸው። በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንደሚመደቡ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የትኛው ልጅ ክትባት እንዳልጨረሰ እንደሚያውቁም አስረዳሁ። ሕንዳዊው ወዲያው ስለ ማቀዝቀዣው ጠየቀ። ክትባቶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለባቸው፣ ባቲ ደግሞ ሙቀት ናት። የበረዶ ሣጥኑ ወጪ በጀቱ ውስጥ ገባ። እንግሊዛዊቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄን ቀድመሽ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ስብሰባ ክብደት ነው። ሥራ የሚከፋፈለው ያኔ ነው። የሁለተኛው ሳምንት ላይ ተነስቶ «ይሄ ክፍል ይገባኛል» ማለት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው መጻፍ ጀምሯል። እና ከመሄዳችሁ በፊት የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጉ ወስኑ። ከአገራችሁ የምታውቁት ነገር የሚገባበትን ክፍል ምረጡ። ስለ መስኖ ቢሆን፣ ስለ ማይክሮፋይናንስ ቢሆን፣ ስለ ግንባታ ቢሆን፣ ወሎ ላይ ያያችሁት ነገር እዚያ ያሉት ልጆች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ነው።

መናገሩ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው «አይኤልትስ 7 አምጥቻለሁ» የሚል ሰው እንኳ ቡድን ውስጥ ድምፁ ይጠፋል። የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከአንድ ፈታኝ ጋር ብቻ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወራ ነው። ፈታኙ ይጠይቃል፣ ዝም ብሎም ያዳምጣል። አራት ሰው እየተቋረጠ በሚያወራበት ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚፈትን ፈተና የለም። እኔን የረዳኝ ቀላል ነገር ነው። ማታውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ስብሰባው እንደተጀመረ ቀድሜ እናገራቸዋለሁ። መጀመሪያ መናገር መሐል ላይ ከመግባት ይቀላል። ማንንም አታቋርጡም፣ ወሬውም የእናንተን ሐሳብ ይዞ ይሄዳል። አንዴ ከተናገራችሁ በኋላ ቀሪውን ብታዳምጡም ማንም «ይቺ ዝምተኛ ናት» አይላችሁም።

ሌላው ዘዴ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን የጸሐፊ ሥራ ነው ብሎ ይንቀዋል። ስላይድ ማሳመሩን እምቢ በሉ፣ ቃለ ጉባኤውን ግን ያዙ። ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው «ቆይ፣ ምን ወሰንን? ይሄን ማን ይሠራል? እስከ መቼ?» ማለት ይችላል፣ ሁሉም ቆሞ ይመልስለታል። ንግግሩ ሲፈጥንባችሁ ማቆሚያው በእጃችሁ ነው። በኋላም ክርክር ቢነሳ ወረቀቱ የእናንተ ነው።

አንዳንድ መምህራን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቡድኑ የራሱን ደንብ ጽፎ እንዲፈርም ያደርጋሉ። መቼ እንገናኛለን፣ ሰው ቢቀር ምን ይደረጋል፣ በዋትስአፕ ነው በኢሜይል የምንጻጻፈው። ከእኛ ሰፈር ለሄደ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ያስከፋል፤ ሳይተዋወቁ መጠራጠር ይመስላል። ግን አስቡት፣ ያደግንበት ቅሬ (እድሩ) ከዚህ በምን ይለያል? ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም ይቀጣል፣ ደግሞ ማንም ማንንም ስለጠላ አይደለም። እኔ ይህን ስለማውቀው ደንቡን ለመጻፍ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ሳይናገር ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ካለ ለመምህሩ በጋራ እንጽፋለን የሚል አስገባሁ። በኋላ ጠቅሞናል።

የራሳችሁን ጉዳይም ያኔውኑ አስገቡ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። መግሪብ ስብሰባ መሐል ይገባል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን «በዚህ ሰዓት ዐሥር ደቂቃ እወጣለሁ» አልኳቸው፣ ማንም አልከፋውም። በየስብሰባው በጭንቅ ሰዓት ከማየት ይሻላል። ጾም የምትጾሙም ምሳ ላይ ከመሽኮርመም በፊት ተናገሩ። ስብሰባው መጠጥ ቤት የሚደረግ ከሆነና ካልተመቻችሁ፣ ያንንም። ናይጄሪያዊው ጓደኛችን ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ይሠራ ነበር። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል፣ እሱም ያቺን አሟጦ ይጠቀማል። ስለዚህ ጠዋት አንገናኝም ብለን ደንቡ ላይ ጻፍን። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። «3 ሰዓት» ብላችሁ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ብቻችሁን እንዳትቆሙ።

አሁን ወደ ማርኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም «ስሜን አስገቢልኝ» የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኮርሶች የቡድን አባላት እርስ በርስ ነጥብ እንዲሰጣጡ ያደርጋሉ። ለዚህ ከሚያገለግሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንዱ ላፍበራ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዌብፒኤ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለሌሎቹ፣ ብዙ ጊዜም ለራሱ፣ በስብሰባ መገኘት፣ በሐሳብ፣ በጽሑፍ እያለ ነጥብ ይሰጣል። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማባዣ ያወጣል። እኩል የሠራ 1 ያገኛል። የቡድኑ ማርክ 64 ሆኖ የእናንተ ማባዣ 0.9 ከሆነ 57.6 ይዛችሁ ትወጣላችሁ። 1.1 ከሆነ ደግሞ 70.4፣ ዲስቲንክሽን ማለት ነው። አንዳንድ መምህር ማባዣውን በማርኩ ከፊል ላይ ብቻ ያሠራዋል፣ ስለዚህ የኮርሱን መመሪያ ቀድማችሁ አንብቡ። ስላይድ ሲያሳምር የከረመው ልጅ ለምን እንደሚጎዳ አሁን ገባችሁ። ነጥብ የሚሰጡት ሰዎች ምን እንደሠራ አያስታውሱም።

ይህ ሁሉ ከምን መጣ ብትሉ፣ ልግመት የሁሉም አገር በሽታ ስለሆነ ነው። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ለካ። ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት ሲቀንስ አገኘ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። በኋላ የመጡ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ ሰው የራሱ ድርሻ ተለይቶ እንደሚታይ ሲያውቅ ልግመቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። ነጥብ የምንሰጣጥበት ፎርም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እኛን የሚፈትነን ይሉኝታው ነው። የአገራችን ልጆች ፎርሙን ሲሞሉ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ሲሰጡ ቸር ናቸው፣ ሲሰጣቸው ግን ሌላው ያየውን ነው የሚሰጣቸው። ስለ ራሳችሁም ሥራ መናገር እንደ ጉራ አይቆጠር። ኮሜንት የሚጻፍበት ቦታ ካለ የሠራችሁትን በቀጥታ ጻፉ፦ ይህን ክፍል ጻፍኩ፣ ይህን ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፣ ቃለ ጉባኤውን ያዝኩ።

የጋራ ሰነዱ ጉዳይም አለ። አሁን ሁሉም የሚጽፈው ጉግል ዶክስ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከፈትኩት፣ ስለ ገበያው ቀን የጻፍኩት አንቀጽ የለም። በቦታው አጠር ያለ፣ ያማረ እንግሊዝኛ ገብቷል። ባቲ ግን ጠፍታለች። ጉግል ዶክስ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፣ የድሮውንም ይመልሳል። መለስኩት አላልኳችሁም። የእንግሊዛዊቷን ጽሑፍ እንዳለ ተውኩት፣ የጠፉትን ሁለት ሐሳቦች ጨመርኩበት፣ ጎኑ ላይ በኮሜንት «ቋንቋውን ስላስተካከልሽ አመሰግናለሁ፣ እነዚህ ግን ካልኖሩ ዕቅዱ አይቆምም» ብዬ ጻፍኩ። «ትክክል» ብላ መለሰች። ሰነዱን ቶሎ ቶሎ ክፈቱት ለማለት ነው። በመጨረሻው ሌሊት ቢሆን ኖሮ ባቲን ማንም አይፈልጋትም ነበር።

ቡድኑ ካልሠራ መምህሩ ጋ ሂዱ፣ ግን በጊዜ ሂዱ። ማርክ ከወጣ በኋላ «እሱ እኮ አልሠራም ነበር» ማለት ዋጋ የለውም። ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ማስረጃ ይጠይቋችኋል፦ ቃለ ጉባኤው፣ የተጻጻፋችሁት መልእክት። ስሞታ አታስመስሉት። የሆነውን በቀንና በሰዓት አስረዱ፣ ይበቃል።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጥብቅ ሁኑ። ከቡድን ሪፖርቱ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚጽፈው ጽሑፍ አለ። ይህን አብሮ መጻፍ፣ ለጓደኛም «እየው፣ ከዚህ ተነስተህ ጻፍ» ብሎ መላክ የአካዴሚ ጥፋት ነው፤ ያስቀጣል። የላከውም የተቀበለውም ይጠየቃሉ። ተርኒቲን የሚባለው የጽሑፍ መመሳሰል የሚፈትሽ ፕሮግራም የሚያመሳክረው ከኢንተርኔት ጋር ብቻ አይደለም፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ ካስገቡት ጋርም ጭምር ነው። በቅርቡ የሄዱት ልጆች ደግሞ አዲስ ጣጣ ይነግሩኛል። አንዱ አባል ቻትጂፒቲ የጻፈለትን ሰነዱ ላይ ይለጥፋል፣ ሪፈረንሱ ውስጥ የሌለ ጽሑፍ ይገኛል። የሁሉም ስም ያለበት ሥራ ስለሆነ የሁሉም ችግር ይሆናል። ከማስረከባችሁ በፊት እያንዳንዱን ሪፈረንስ አንድ ሰው ከፍቶ ይየው።

አምና የሄደ አንድ የሐይቅ ልጅ ድምፅ ላከልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ቡድናችን ውስጥ ሌላ ሐበሻ አለ። ስብሰባ አይመጣም፣ የበጀቱን ክፍል አልጀመረውም። ሰኞ ፎርም እንሞላለን። ምን ላድርግ?»

ደወልኩለት። «ነግረኸዋል?»

«እንዴት ብዬ ቲቸር? ያገር ልጅ ነው እኮ። በዓሉን ያከበርኩት እሱ ቤት ነው።»

ዛሬውኑ ቤቱ ሂድ አልኩት። በቴክስት አይሆንም። በአማርኛ፣ ቡና ላይ ሆናችሁ፣ ፎርሙ ሰኞ እንደሚሞላ፣ አንተም ያየኸውን እንደምትጽፍ ንገረው። ምን እንደቀረው ቆጥረህ ንገረው። ከዚያ ሰኞ ያየኸውን ጻፍ።

ሄደ። ልጁ መጀመሪያ ተቆጣ፣ «ለፈረንጅ ልትከሰኝ ነው?» አለው። እሑድ ማታ ግን በጀቱን ሠርቶ ላከ፣ ጥሩ አድርጎም ነበር የሠራው። የሐይቁ ልጅ ለስብሰባ ዝቅተኛውን፣ ለጽሑፍ ሥራ ጥሩውን ነጥብ ሰጠው። ኮሜንቱ ላይም ሁለቱንም ጻፈ፦ ስብሰባ ላይ አልተገኘም፣ የበጀቱን ክፍል ሠርቷል።